የተጸውዖ ስምና የወል ስም በድረ ገጽ ዝርዝር

ከብራና መጻሕፍታችን አንዱን የገለጠ ሰው፣ ንባቡ በጥቁር ቀለም ሲወርድ፣ የአምላክና የእመቤታችን የቅዱሳንም ስም በቀይ ቀለም ተለይቶ ያገኘዋል፤ ቁም ጸሐፊው በየስሙ ላይ እየቆመ ቀለም አይመርጥም፣ ስሙ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለይቶ አበው በሠሩለት ሥርዓት ይሄዳል እንጂ። ድረ ገጽ ግን ይህን የመሰለ ሥርዓት ያገኘው ከተወለደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም በ1989 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ያቀረበለት ድር፣ ገና በልጅነቱ ዝርዝርን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ብራውዘሩ ከሰጠው ነጥብና ቁጥር በቀር ልብስ አልነበረውም። ውበት የናፈቃቸው ሠሪዎችም የፊደልን ቀለምና መጠን የሚያዝዙ ምልክቶችን በንባቡ መካከል እየሰገሰጉ ሥጋውን ከልብሱ ጋር ስለ ሰፉት፣ አንድ ቀለም ለመለወጥ ገጹን ሁሉ መልቀም ግድ ሆነ። ይህን ድካም ለማቅለል ኖርዌያዊው ሆከን ቪዩም ሊ በ1994 እ.ኤ.አ. በዚያው በሰርን ሳለ፣ የጌጡ ሕግ ከንባቡ ተለይቶ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ፤ ሆላንዳዊው በርት ቦስም ተባበረውና፣ ሲኤስኤስ የተባለው ሕግ የመጀመሪያ ክፍሉ በ1996 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጸደቀ።

የሕጉ ምሥጢር በሁለት ስያሜዎች ላይ ቆሟል። አይዲ እንደ ተጸውዖ ስም በአንድ ገጽ ለአንድ ነገር ብቻ ይሰጣል፣ በሕጉም ውስጥ የሃሽ ምልክት ይቀድመዋል፤ ክላስ ግን እንደ ወል ስም ለብዙዎች ይሆናል፣ በፊቱም ነጥብ ይቆማል። ስለዚህ ከዐሥር ዝርዝሮች ሦስቱን በአንድ ክላስ የጠራ ሠሪ፣ በአንዲት ትእዛዝ የሦስቱንም ነጥብ ወደ አራት ማዕዘን ወይም ወደ ሮማውያን አኃዝ ይለውጣል፤ ከሦስቱ አንዱን በአይዲ ለይቶ ሌላ ቢያዝዝለት፣ ሁለቱ ትእዛዛት ሲጋጩ የአይዲው ይጸናል። ይህ ብርታት ግን በኋላ ዕዳ ሆነ፤ በአይዲ የታዘዘውን በክላስ መሻር ስላስቸገረ፣ ብዙ ሠሪዎች ለጌጥ ክላስን መረጡ።

ከዚህ ሕግ ለእኛም ርስት ደርሶናል። በኋላ በተጻፈው የቁጥር ስልት ደንብ የግእዝ አኃዝ ገብቷል፤ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ በ፻ና በ፼ የሚያያይዘው የአበው አቈጣጠር በዚያ ሰፍሯል። እነሆ፣ አንድ ሠሪ ለጸሎት መጽሐፍ የምዕራፎች ዝርዝር አንድ ክላስ ሰጥቶ በአንድ መስመር ቢያዝዝ፣ ከንባቡ አንዲት ፊደል ሳትነካ፣ ምዕራፎቹ በ፩፣ በ፪፣ በ፫ ተራቸውን ይዘው ይቆማሉ።