«ገንዳ ማሟሸት»፦ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ስላለው ሥራ

አዲስ የሸክላ ምጣድ ተገዝቶ በዚያው ዕለት ሊጥ አይፈስበትም። መጀመሪያ ይሟሻል። የተወቀጠ ጎመን ዘር በጋለው ገጹ ላይ ይበተናል፣ ይታሻል፣ ይጠቁራል፣ ይጠረጋል፤ ሸክላው ዘይቱን ጠጥቶ ገጹ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይኸው ይደጋገማል። ያልተሟሸ ምጣድ ቢያምርም እንጀራውን ይዞ አይለቅም።

የቤት ውስጥ አኳሪየምም እንደዚሁ ይሟሻል። በእንግሊዝኛ ይህን ሥራ «ሳይክሊንግ» ይሉታል፤ እኛም ቃሉን እንደወረደ ወስደን «ገንዳውን ሳይክል ማድረግ» ስንል እንሰማለን። ለጀማሪ ግን ይህ አነጋገር ምንም አይነግረውም። «ዑደት» ብሎ መተርጎምም አይበቃም። ዑደት በተፈጥሮ ውስጥ የሚካሄደው የናይትሮጅን ዝውውር ስም ነው፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍትም የሚገኘው በዚሁ ትርጉም ነው። እኛ የምንፈልገው ሰው በእጁ የሚሠራውን፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚጠብቀውን ነገር የሚጠራ ግስ ነው። ስለዚህ «ማሟሸት» እንበለው፦ ገንዳው ተሟሸ፣ አልተሟሸም፣ እየተሟሸ ነው።

ምን ይሟሻል? ዓሣ በልቶ የሚያስወግደው ቆሻሻ በአብዛኛው አሞኒያ ነው። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አሞኒያው በብዙ ውሃ ይበተናል፤ መቶ ሊትር በያዘ መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ ዓሣው የሚተነፍስበትን አካል ያቃጥለዋል። ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሥራውንም በሁለት ወገን ተከፍለው ይሠሩታል። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው ዓሣው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ሁለተኛዎቹ ናይትራይቱን ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይህ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ስለሆነ በየሳምንቱ ከውሃው የተወሰነውን በመቀየር ይወጣል። ሥራው በሁለት የተለያዩ ፍጥረታት እንደሚከናወን ያሳየው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ፣ አፈር ሲመረምር።

ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ ሳይሆን በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው። ምጣዱ ዘይት እንደሚጠጣ ስፖንጁ እነሱን ይጠጣል ማለት ይቻላል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን የሉም ወይም እዚህ ግቡ የሚባሉ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጎልድፊሾቼን ያጣሁት ይህን ሳላውቅ ነው። ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ነበር፤ በስምንተኛው ቀን ሁለቱም ሞቱ። አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም። ስለዚህ ከዓሣው በፊት የውሃ መመርመሪያ ኪት መግዛትን እንደ ትርፍ ወጪ አልቆጥረውም።

ቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ደህና ይኖራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የአብዛኛው ሳሎን ሙቀት ስለሆነ ማሞቂያ አያስፈልግም። ለደጋ ጀማሪ ቀዝቃዛ ውሃን የምመርጥለትም ለዚህ ነው። ባክቴሪያዎቹ ግን ሙቀት ይወዳሉ። አንጀታችን ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆን እነዚህ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይወስድባቸዋል፤ ሲበርዳቸው ደግሞ ይበልጥ ይዘገያሉ። በሞቀ ውሃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጀው ማሟሸት በ18 ዲግሪ ሁለት ወር ሊደርስ ይችላል። ማሞቂያ መዋስ የሚችል ሰው ገንዳው ባዶ ሳለ ውሃውን እስከ 27 ዲግሪ አሙቆ ያሟሽና ዓሣ ከማስገባቱ በፊት ያቀዘቅዘው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መጠበቁ ነው። ለሁለት ጎልድፊሽ ከ100 ሊትር ያላነሰ ገንዳ ይዘጋጅ፤ ክቡ ብርጭቆ ዕቃ ለዚህ ዓሣ አይሆንም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹንም ዓሣውንም ስለሚጎዳ በማጥፊያ ጠብታ ይታከም፤ ጠብታው ካልተገኘ አየር እየተነፋበት አንድ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ክሎራሚን የተጨመረበት ውሃ ግን በማቆየት ብቻ አይድንም። ከዚያ ፊልተሩ ሌት ተቀን እየሠራ ሽቶና ሳሙና የሌለው አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ይጨመራል፤ ካልተገኘ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ መጣል ይቻላል፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። ምርመራው ታሪኩን ይነግራል፦ መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ተከትሎት ናይትራይቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ያን ያህል አሞኒያ ጨምረን በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ ገንዳው ተሟሽቷል። ከውሃው አብዛኛው ይቀየርና ዓሣው ይገባል።

ጊዜውን የሚያሳጥር አንድ ነገር አለ፤ ለእሱ ቃል መፈለግ እንኳ አያስፈልገንም፤ እርሾ ነው። ዓሦቹ ጤነኛ ከሆኑበት የቆየ ገንዳ ላይ የስፖንጅ ቁራጭ ተወስዶ፣ ሳይደርቅ፣ በራሱ ውሃ ተነክሮ ይመጣና አዲሱ ፊልተር ውስጥ ይከተታል። ከጎረቤት እርሾ መዋስን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። የጎረቤቱ ዓሣ ከታመመ ግን በሽታውም አብሮ ይመጣል።

የምጣዱ ምሳሌ የሚያጥርበትም ቦታ አለ። የተሟሸ ምጣድ ለወራት ተሰቅሎ ቢከርም አይጎዳም። የተሟሸ ገንዳ ግን ሕያው ስለሆነ ምግብና አየር ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ሲቆም ባክቴሪያዎቹ በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅን ሊያጥራቸው ይችላል። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ አዲስ አበባ ላይ በከፍታው ምክንያት ወደ 7 ይወርዳል፤ የእኛ መጠባበቂያ ከመነሻው አነስተኛ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቤት ውስጥ ይኑር። ስፖንጁ ሲቆሽሽም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል እንጂ ቧንቧ ሥር አይታጠብም፤ ክሎሪኑ የሁለት ወር ማሟሸትን በአንድ እጥበት ሊጎዳው ይችላል።

ዓሣ ሻጭ ዘንድ ሲሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከቆየ ገንዳ ስፖንጅ ይሰጡኛል?» ይሁን። ዓሦቹን ለመምረጥ ገንዳው ሲሟሽ ተመልሰው ይመጣሉ።