ብርንዶና ኮሶ በታሪክ

በአማርኛ ሕመሙም መድኃኒቱም «ኮሶ» መባላቸው የሁለቱን ረጅም ቁርኝት ይመሰክራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል። የደረቀው አበባ ተፈጭቶና ተዘፍዝፎ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ትሉን ቢያስወጣም መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃን እስከ መንሳት ይደርሳል። በሕክምና ተቋማት ፕራዚኳንቴልን የመሰሉ መድኃኒቶች ተክተውታል። ሆኖም መድኃኒት ያለውን ትል ያስወጣል እንጂ የሚመጣውን አይከለክልም። የፋሲካ ጾም ተፈትቶ ብርንዶ ሲቆረጥ፣ በሥጋው ውስጥ ያለ የትሉ እጭ ከነሕይወቱ ይዋጣል። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ከዚህ አያድንም፤ እጩን የሚገድለው እስከ ሥጋው መካከል የሚዘልቅ ሙቀት ነውና። ስለዚህ ሚጥሚጣውና ኮረሪማው ከገበታው አይጉደሉ፤ ሥጋው ግን ቀይነቱ እስኪጠፋ ይብሰል። ይህንንም ለታካሚዎቻችን ከበዓሉ አስቀድመን እንንገራቸው።