የደጋ አየርና ሞተር
ተርቦ ወይስ ናይትረስ ኦክሳይድ? ከላስታ መንገዶች አንጻር የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፥ አውቶሞቢል በደጋ አገር ሲነዳ የሚያጣውን ጉልበት ለመመለስ ከተገኙት ዘዴዎች ሁለቱን፥ ማለት ተርቦንና ናይትረስ ኦክሳይድን፥ ከታሪካቸው ተነሥቶ ማመዛዘን ነው። ይህ የጋራዥ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ተማሪ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በመኪና የወጣ ሰው፥ ነጂው ማርሽ እየቀነሰ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያቃስት ሰምቷልና፥ ነገሩ ከዚህች አገር ታሪክ የራቀ እንዳልሆነ ይረዳዋል።

ላስታ ለመንገደኛ ምን ጊዜም ከባድ ምድር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.አ.አ.) ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዋሻ ውስጥ ስለተሠራው ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲጽፍ፥ ወደዚያ የሚያደርስ ከበቅሎና ከእግር በቀር ሌላ አልነበረም። ከዚያም በኋላ አራት መቶ ዓመት ያህል ነገሩ አልተለወጠም። በቅሎ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አላት፤ ጭነቷን ይዛ ትሄዳለች፥ የምትበላውን ግን በመንገድ ታገኛለች። ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት ከባድ መድፎቹን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አስመጥቶ ነበር። ሆኖም ጦሩ በላስታ በኩል ወደ ዋድላ ሲያልፍ ለከብቶቹ ገፈራና እህል ከባላገሩ በማሪያ ቴሬዛ ብር ይገዛ ነበር እንጂ፥ ከባሕር ዳር የተጫነው ስንቅ ብቻውን መቅደላ ድረስ ባላዘለቀውም ነበር። በደጋ መንገድ ላይ የጉዞ ሁሉ ጥያቄ ምን ይጫናል፥ ምንስ በመንገድ ይገኛል የሚል ነው።

የሞተርም ጥያቄ ይኸው ነው። ነጂው ቤንዚኑን ወይም ናፍጣውን በበርሜሉ ይዞ ይነሣል፤ አየሩን ግን በመንገድ ያገኛል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ እንግዲህ ከስንቁ ብዙውን እጅ የሚሰጠው መንገዱ ነው ማለት ነው። ላሊበላ ግን ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ላስታ ሲደርስ ሩቡን ያህል ያጣል።

ለዚህ ችግር በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መፍትሔ ከሁለቱ አንዱም አይደለም፤ ትልቅ ሞተር ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ያመጡት ፊያት 634፥ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» እያለ የሚጠራው ካሚዮን፥ ከስምንት ሊትር በላይ የሆነ የናፍጣ ሞተር ይዞ ጉልበቱ ግን 75 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው «ኤንትሬ» ደግሞ ከአሥር ሊትር በላይ ነበረ። ሁለቱም ተርቦ አልነበራቸውም። ቀስ ብለው፥ ነገር ግን ሳይታክቱ፥ የጣርማ በርን ዳገት ይወጡ ነበር። የዛሬ ዘመን ሰዎች በዝግታቸው ይስቁባቸዋል፤ ለእኔ ግን የእነዚህ ካሚዮኖች አሠራር ከሚገባው በታች የተመሰገነ ይመስለኛል። ተርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድክሩዘር የናፍጣ ሞተርም የዚሁ ዘር ነው።

ተርቦን ያሰበው የስዊስ ኢንጂነር አልፍሬድ ቢዩሂ ሲሆን፥ የባለቤትነት ማረጋገጫውን ያገኘው እ.አ.አ. በ1905 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በማርሚታ በኩል በከንቱ የሚወጣው የጋለ ጭስ አንድ መንኰራኵር እንዲያዞር ይደረጋል፥ ያም መንኰራኵር በሌላው ወገን ያለውን መጭመቂያ እያዞረ አየሩን ወደ ሞተሩ ይገፋል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እ.አ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ያደረገው ሙከራ ነው። ሞስ በኮሎራዶ ከሚገኘው ከፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ አንድ የአውሮፕላን ሞተር አወጣ። የተራራው ከፍታ 4300 ሜትር ያህል ስለሆነ፥ ከላሊበላ በላይ የቆመውን አቡነ ዮሴፍን ያህላል ማለት ነው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። ተርቦ በደጋ ሲሠራ መጀመሪያ የሚያደርገው የጠፋውን መመለስ ነው፥ ተጨማሪ ጉልበት የሚሰጠው ከዚያ አልፎ ሲጨምቅ ብቻ ነው። በላሊበላ ከፍታ አየሩን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ አድርጎ መጭመቅ ይበቃል፤ ይህም ሞተሩን ከተሠራበት ልክ አያስወጣውም። በነገራችን ላይ፥ እ.አ.አ. በ1960ዎቹ ጎብኚዎችን ወደ ላሊበላ ያመላልሱ የነበሩት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ 3 አውሮፕላኖችም፥ ተርቦ ሳይሆን በማርሽ የሚዞር ቢሆንም፥ የአየር መጭመቂያ ነበራቸው።

ናይትረስ ኦክሳይድ ሌላ መንገድ ይከተላል። ይህ ጋዝ እ.አ.አ. በ1772 በጆሴፍ ፕሪስትሊ ተገኝቶ፥ ከ1844 ወዲህ ለጥርስ ማደንዘዣ ያገለገለ፥ ሐኪሞች ዛሬም የሚያውቁት ነው። ከክብደቱ 36 በመቶው ኦክሲጅን ሲሆን፥ በአየር ውስጥ ያለው 23 በመቶ ያህል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለአውሮፕላኖቻቸው ተጠቀሙበት፤ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ አብራሪው ጋዙን ሲለቅ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ኀይል ያገኝ ነበር። ናይትረስ ኦክሳይድ ከፍታን አይፈራም፥ አየሩን ከቤት ይዞ ይነሣልና። ዕቃው ቀላል ነው፥ እንደ ተርቦ አይዘገይም፥ ወደ ሞተሩ ሲገባም ይበርዳል። ለአጭር እሽቅድምድም ከሆነ እኔም እርሱን በመረጥሁ።

ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራ። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ 1980 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ከተማው የሚወጣው 23 ኪሎ ሜትር መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ 100 የፈረስ ጉልበቱ መኪና ያጣውን ሩብ ጉልበት በጋዙ ሊመልስ ቢፈልግ፥ አራት ኪሎ ተኩል የያዘ ጠርሙስ በእኔ ግምት በአራት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ለቀረው መንገድ ሌላ ስድስት ጠርሙስ ሊጫን ነው። ጋዙ ከ36 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም፥ ግፊቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ በቆቦ ሜዳ ፀሐይ ላይ ጠርሙሱን ጭኖ መዋል የሚያሠጋ ነው። ደግሞስ ከየት ይሞላል? ማደያ ናፍጣና ቤንዚን ይሸጣል እንጂ ይህን አይሸጥም። ከሐኪም ቤት ይገኝ ይሆናል የሚል ቢኖር፥ የበሽተኛን ማደንዘዣ ለዳገት ማቃጠል ነውር ነው ከማለት በቀር መልስ የለኝም።

ጠርሙስ ይዞ የሚሄድ ሞተር በበለጸገ አገርም ቢሆን እንዳልተሳካለት አንድ ምስክር አለ። ጄኔራል ሞተርስ እ.አ.አ. በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የሚባል ባለ ተርቦ አውቶሞቢል አወጣ። ሞተሩ እንዳይንኳኳ ከውሃና ከሜቲል አልኮል የተቀላቀለ ፈሳሽ ከአንድ ዕቃ ይጨመርለት ነበር። ባለመኪኖቹ ግን ፈሳሹን መሙላት ይረሱ ነበር፤ ሲያልቅ መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል፥ ባለቤቱም ያማርራል። በመጨረሻ ኩባንያው ከብዙዎቹ ላይ ተርቦውን አንሥቶ ተራ ካርቡራቶር ገጠመላቸው። ማደያ በየመንደሩ በሚገኝበት በአሜሪካ ይህ ከሆነ፥ በላስታ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ለላስታ መንገድ ተርቦ ይሻላል። ይሁን እንጂ እርሱም ዕዳ አለበት። መንኰራኵሩ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚዞር ያለ ንጹሕ ዘይት አንድ ቀን አያድርም፤ የላስታ አቧራም የአየር ማጣሪያው ካልተጠበቀ ምላጮቹን ይበላል። በቁልቁለት ደግሞ አይረዳም። ትልቁ ኤንትሬ በማርሽ ብቻ ራሱን ይይዝ በነበረበት ቦታ፥ ትንሽ ሞተር በተርቦ አበርትቶ የወጣ መኪና ሲወርድ ትንሽ ሞተር ብቻ ነው፥ ሸክሙም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ይህንን የዘነጋ ነጂ የተሳፋሪዎቹን ሕይወት በፍሬን ሸራ ላይ ያንጠለጥላል።

ዳገቱንም ወጥቶ ይምርሐነ ክርስቶስ ሥር የደረሰ ነጂ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት የለበትም። ዘይቱ መዞሩን ሲያቆም በጋለው ተርቦ ውስጥ ተቃጥሎ ይጋገራልና፥ መንገደኞቹ ወርደው በጥዱ መካከል ወደ ዋሻው በሚያወጣው የእግር መንገድ ሲጀምሩ፥ እርሱ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሞተሩን በዝግታ እያስነሣ ይጠብቃል።