የሴቶች ራስን መከላከል

ራስን መከላከል ጥቃት ሲቃጣ ከጥቃቱ ለመዳን የሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ነው፤ አደጋን አስቀድሞ ማስተዋል፣ እምቢ ማለት፣ መጮኽ፣ መሸሽ፣ ይህ ሁሉ ሲያቅት ደግሞ መምታት። ለሴቶች ተብሎ የሚሰጠው ሥልጠና ከካራቴና ከቴኳንዶ የሚለየው በግቡ ነው። ካራቴ ተፎካካሪን ማሸነፍ ያስተምራል፤ ይኸኛው ግን በሰላም ቤት መግባትን። ስለዚህ ዓመታት አይፈጅም፤ ጥቂት እንቅስቃሴዎችና ብዙ የድምፅ ልምምድ ይበቁታል።

ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ሲመሽ አትውጪ» ተብላ ትመከራለች። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ይሁንና ዓይኗን ወደ ማታውቀው ሰው ብቻ ያዞረዋል። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 23 በመቶው ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት፣ 10 በመቶው ደግሞ በሕይወታቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ካገቡት መካከል በአጥቂነት በብዛት የተጠቀሰው የገዛ ባል ነው። አጥቂው የሚታወቅ ሰው ሲሆን፣ ማለትም ዘመድ፣ አለቃ፣ የቤት አከራይ ወይም ጓደኛ ሲሆን፣ ከጡንቻ በፊት እጅ የሚያስረው ይሉኝታ ነው። «ተሳስቼ ቢሆንስ? ሰው ምን ይለኛል?» እያለች የምታመነታባት ደቂቃ ለአጥቂው ትርፍ ናት።

በካናዳ ተመራማሪዋ ቻርሊን ሴን የመራችው ጥናት ይህንን ይሉኝታ ለመስበር የታለመ ሥልጠና እንደሚጠቅም ያሳያል። በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 የአንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች ተሳትፈው፣ ገሚሶቹ የ12 ሰዓት ሥልጠና ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ የመደፈር አደጋው ባልሠለጠኑት 9.8 በመቶ ሲሆን በሠለጠኑት 5.2 በመቶ ነበር። ከ12ቱ ሰዓት ለምትና ለማምለጥ የዋለው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ያለፈው ከሚያውቁት ሰው የሚመጣን አደጋ በመለየትና ይሉኝታን በመስበር ነው።

ይሉኝታን የሚሰብረው ድምፅ ነው። በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ አንድ እጅ ጭኗ ላይ ያረፈባት ሴት ብዙውን ጊዜ ዝም ብላ ፈቀቅ ትላለች። ሥልጠናው የሚያስተምራት ድርጊቱንና ሰውየውን ለይታ ጮክ ብላ መናገር ነው፦ «ሰማያዊ ጃኬት የለበስከው፣ እጅህን አንሳ!» ስድብ፣ ልመናም ሆነ ማብራሪያ አያስፈልግም። አጭር ትእዛዝ ሰውየውን ያጋልጠዋል፤ ተሳፋሪውንም ምስክር ያደርገዋል። በገጠር ኡኡታ መንደሩን ሁሉ ያስወጣል። በኮንዶሚኒየም ግን ጩኸት የሰማ ሁሉ ሌላው ይወጣል ብሎ ሊቀር ስለሚችል፣ ከቆሙት አንዱን መርጦ «አንተ፣ ባለ ቆቡ፣ ፖሊስ ጥራልኝ!» ማለት ይሻላል።

አካላዊው ክፍል የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከእጅ አንጓ ነው። የያዘ እጅ ደካማ ጎኑ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች የሚገናኝበት ክፍተት ነው። የተያዘችው ሴት የአንጓዋን ቀጭን ጠርዝ ወደዚያ ክፍተት አዙራ፣ ክርኗን ወደ አጥቂው አስጠግታ፣ በመላ ሰውነቷ በድንገት ስትመነጭቀው ብርቱ እጅም ይለቃል። ቀጥታ ወደ ኋላ መጎተት የሚጠቅመው ጉልበት ያለውን ነው። ለመምታት ከቡጢ ይልቅ የመዳፍ ታችኛው ክፍል ይመረጣል፤ ያልለመደ ቡጢ የራስን እጅ ሊሰብር ይችላል። ዒላማዎቹ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጉሮሮ፣ ብሽሽትና ጉልበት ናቸው። መሬት ላይ የወደቀች ሴት ደግሞ ከእጇ ይልቅ እግሯ ይበረታል። ክፍተት እንደተገኘ መሮጥ እንጂ ሌላ ምት መጨመር አያስፈልግም።

በድንጋጤ ሰውነቷ የደረቀባት፣ መጮኽም መንቀሳቀስም ያቃታት ሴት ብዙ ናት። ይህ ሰውነት በራሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ፈቃደኝነት አይደለም፣ ጥፋትም አይደለም። «ለምን አልታገልሽም?» ብሎ የሚጠይቅ አሠልጣኝ ለሥራው አይመጥንም።

በአውሮፓ የዚህ ሥልጠና ስመ ጥር ጀማሪ ለንደን ውስጥ የጃፓንን ጁጂትሱ ያስተማረችው ኢዲዝ ጋረድ ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ የምርጫ መብት የሚጠይቁ ሴቶች መሪዎቻቸውን ከፖሊስ ለመጠበቅ ያቋቋሙትን የጠባቂዎች ቡድን አሠልጥናለች።

በኢትዮጵያ ራስን በመከላከል ረገድ በምሳሌነት የሚጠቀሰው በ1989 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ የደረሰው ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ የተከተላትን ጠላፊ ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተሟገተላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም ቀርቧል፤ ቃሉ በአማርኛ ጀግንነትንም መደፈርንም ይይዛል። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ ሕግ የጠለፋትን ያገባ ሰው ከክስ እንዲያመልጥ ይፈቅድ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ፣ ጠለፋን በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 78 ደግሞ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችልን፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሕገወጥ ጥቃት በተመጣጣኝ ኃይል መመከትን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ካበቃ በኋላ የሚፈጸም በቀል በዚህ አይሸፈንም። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸመውን ብቻ መጥቀሱ ግን ትልቅ ጉድለት ነው።

ጥቃት የደረሰባት ሴት ከፖሊስ ጣቢያ በፊት ሐኪም ቤት መሄድ ትችላለች። ገላዋን ሳትታጠብ ብትሄድ፣ ልብሷንም ከፌስታል ይልቅ በወረቀት ከረጢት ብትይዝ ማስረጃው አይበላሽም፤ ታጥባ ከሆነም መሄዷን መተው የለባትም። ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፤ በቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይሠራል። ኤች አይ ቪን ለመከላከል ለ28 ቀን የሚወሰደው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።