ስንቁን ይዞ የሚጓዝ ፕሮግራም፦ በሊኑክስ ላይ ስለ ሦስቱ የጥቅል ዓይነቶች ታሪክና ምርጫ

አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም። ፊደል ለመጻፍ፣ ሥዕል ለመክፈት፣ ድምፅ ለማሰማት ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ያዘጋጁትን ሥራ ይዋሳል፤ ይህም የሚዋሰው የጋራ ሥራ ላይብረሪ ይባላል። ፕሮግራሙ ወደ አንድ ማሽን በሚገባበት ጊዜ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች በዓይነትም በዕድሜም ተስማምተው ካልጠበቁት ሥራውን ሊጀምር አይችልም። ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው እንግዳው ባዶ እጁን መጥቶ ከባለቤቱ ማዕድ እንዲመገብ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መንገደኛው ስንቁን ራሱ ተሸክሞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በሊኑክስ ላይ የመጀመሪያው መፍትሔ ለምን እንዳላረካ፣ ሁለተኛውም አፕኢሜጅ፣ ፍላትፓክና ስናፕ በሚባሉ ሦስት ጥቅሎች እንዴት እንደ ተከፈለ፣ ከሦስቱ አንዱን የሚመርጥ ሰውም በእርግጥ የሚመርጠው ምን እንደ ሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ የሠራው ከርነል የሚባለውን እምብርቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ በዙሪያው የሚያስፈልጉትን ብዙ ፕሮግራሞች ሰብስቦና አስማምቶ ለሕዝብ የሚያድል ሌላ ወገን አስፈለገ። ይህ ወገን ዲስትሪቢውሽን ይባላል። ከነዚህ አንዱ የሆነውን ዴቢያንን ኢያን መርዶክ በ1993 መሠረተ፤ ሬድ ሃት የተባለውም ድርጅት በ1990ዎቹ አጋማሽ አር ፒ ኤም የሚባለውን የጥቅል ዓይነት አወጣ። በ1999 ደግሞ ከዴቢያን 2.1 ጋራ አፕት የተባለው መሣሪያ በወጣ ጊዜ፣ አንድ ሰው የፕሮግራሙን ስም ብቻ ቢጽፍ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ሁሉ ተከትለው እንዲመጡ ሆነ።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም ትልቅ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንዱን ላይብረሪ ሁሉም ፕሮግራሞች ስለሚካፈሉት ቦታ ይቆጠባል። ከዚህም በላይ ጥገናው ቀላል ነው። በአፕሪል 2014 ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ላይብረሪ ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ በተገለጠ ጊዜ፣ ዲስትሪቢውሽኖች አንዱን ጥቅል አድሰው በማሠራጨታቸው ከርሱ የሚዋሱት ፕሮግራሞች በአንድነት ተጠገኑ።

ነገር ግን ይኸው ሥርዓት የፕሮግራም ደራሲዎችን አስጨነቀ። ዲስትሪቢውሽኖች ብዙ ናቸው፤ የያንዳንዱም እትም የላይብረሪዎቹ ዕድሜ የተለያየ ነው። ለአንዱ የተሰናዳ ጥቅል ለሌላው አይሆንም። ቶርቫልድስ ራሱ በ1991 የዘራውን በ2014 አጨደ ብንል አላጋነንም። ከ2011 ጀምሮ ሰብሰርፌስ የተባለ የባሕር ጠላቂዎችን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ይሠራ ስለ ነበር፣ በ2014 በፖርትላንድ ከተማ በተደረገው የዴቢያን ጉባኤ ላይ ለዊንዶውስና ለማክ የተዘጋጀ ጥቅል እንደሚያወጡ፣ ለሊኑክስ ግን ይህን ማድረግ እጅግ አድካሚ እንደ ሆነ በግልጽ ተናገረ። የሊኑክስ አባት ለሊኑክስ ፕሮግራም ማደል ካስቸገረው፣ የሌላው ደራሲ ችግር ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ስንቅ የማሲያዝ ሐሳብ ግን ከዚህ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ሳይመን ፒተር በ2004 ክሊክ የተባለውን ሥራ አወጣ፤ ይህም ሥራ እያደገ ሄዶ በ2013 አፕኢሜጅ የሚለውን ስም ያዘ። ደንቡ አንድ ፕሮግራም አንድ ፋይል ነው። ፕሮግራሙና የሚዋሳቸው ላይብረሪዎች በአንድ ፋይል ውስጥ ተጨምቀው ይቀመጣሉ፤ ተጠቃሚው ፋይሉን አውርዶ የመሥራት ፈቃድ ይሰጠውና ይከፍተዋል። ሲጠላው ፋይሉን መደምሰስ ብቻ ነው። የቶርቫልድስም ሰብሰርፌስ በኋላ በአፕኢሜጅ ወጥቷል። ጉድለቱም ከዚሁ ቅለት የሚመነጭ ነው። አፕኢሜጅ በራሱ አጥር የለውም፤ የከፈተው ሰው ሊያነብ የሚችለውን ፋይል ሁሉ ፕሮግራሙም ያነባል። አዲስ እትም ሲወጣ ደራሲው ራሱ መንገድ ካላበጀ በቀር የሚያሳድሰው የለም። ስንቁም ምሉዕ አይደለም፤ ፋይሉን የሚከፍተው ፊውዝ የተባለው መሣሪያ አሮጌው እትም በኡቡንቱ 22.04 ላይ አስቀድሞ ስላልተጫነ፣ በ2022 ብዙ አፕኢሜጆች ያለ ተጨማሪ ሥራ አልከፈት ብለዋል።

ሁለተኛው ፍላትፓክ ነው። የሬድ ሃት ሠራተኛ የነበረው አሌክሳንደር ላርሶን በ2007 ግሊክ የተባለ የጥቅል ሙከራ ካደረገ በኋላ ሐሳቡን ሲያሻሽል ቆይቶ ኤክስ ዲ ጂ አፕ የተባለውን ሠራ፤ ይኸውም በ2016 ፍላትፓክ ተብሎ ተሰየመ፤ 1.0 የተባለው እትሙም በ2018 ወጣ። ፍላትፓክ ስንቁን ለሁለት ይከፍለዋል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚካፈሉት ክፍል ረንታይም ተብሎ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ የቀረውን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፕሮግራም በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ሊያስወርድ ይችላል፤ በዚያው ረንታይም የሚጠቀሙት ተከታዮቹ ግን ቀለል ይላሉ። ፕሮግራሙም በአጥር ውስጥ ሆኖ ይሠራል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለ ፋይል ሲፈልግ ፖርታል በተባለው በር በኩል ተጠቃሚውን ይጠይቃል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ፕሮግራሞች ሲሰናዱ ሰፊ ፈቃድ ስለሚሰጣቸው የአጥሩ ቁመት እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል።

ሦስተኛው ስናፕ ነው። ኡቡንቱን የሚያወጣው ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ መነሻውን ለስልክ ካዘጋጀው ጥቅል ወስዶ በ2014 መጨረሻ ስናፒን አስታወቀ፤ በአፕሪል 2016 ከወጣው ኡቡንቱ 16.04 ጋራም ለሕዝብ አደረሰው። ስናፕ የመስኮት ፕሮግራሞችን ብቻ ሳይሆን በትእዛዝ መስመር የሚሠሩትንና የሰርቨር ፕሮግራሞችን ጭምር ይይዛል፤ በየቀኑም ብዙ ጊዜ አዲስ እትም እየፈለገ ራሱን ያድሳል። አጥሩ አፕአርመር በተባለው የከርነል ጥበቃ ላይ ስለሚደገፍ ይህ በማይሠራበት ዲስትሪቢውሽን ላይ ይላላል።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ብዙ ሰዎች ሦስቱን የሚያወዳድሩት በመጠንና በፍጥነት ነው። እኛ ግን የልዩነቱ ሥር ሌላ ይመስለናል። በቀድሞው ሥርዓት የዲስትሪቢውሽኑ ጥቅል አሰናጅ በደራሲውና በተጠቃሚው መካከል እንደ በረኛ ቆሞ ነበር። ሦስቱም አዳዲስ ጥቅሎች ይህን በረኛ አንስተውታል፤ በሩን ማን ይጠብቅ ለሚለው ጥያቄ ግን መልሳቸው አንድ አይደለም። በአፕኢሜጅ በረኛው ፋይሉን የሚያወርደው ሰው ራሱ ነው። በፍላትፓክ ማንም የራሱን ማከማቻ ሊከፍት ይችላል፤ ፍላትሀብ ከሁሉ የታወቀው ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። በስናፕ ግን ማሽኑ የሚያውቀው ስቶር አንድ ነው፤ ይኸውም የካኖኒካል ሲሆን፣ ስቶሩ የሚሠራበት የሰርቨር ፕሮግራም ለሕዝብ አልተገለጠም።

ይህ የሐሳብ ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ታሪኩ ይመሰክራል። ኡቡንቱ ክሮሚየም የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ በስናፕ ብቻ ማደል በጀመረ ጊዜ፣ በአፕት ክሮሚየምን የጠየቀ ሰው ሳያስበው ስናፕ ይጫንለት ጀመር። ከኡቡንቱ የሚወለደው ሊኑክስ ሚንት ይህን በመቃወም በ2020 ባወጣው 20ኛ እትሙ ስናፕ ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ በአፕት በኩል እንዳይገባ ዘጋው። አንድ በረኛ መኖሩም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በሜይ 2018 በስናፕ ስቶር ውስጥ በጨዋታ ፕሮግራም ተሸሽጎ የሰዎችን ማሽን ለዲጂታል ገንዘብ ቁፋሮ የሚያሠራ ጥቅል ተገኝቶ ተወግዷል።

አንዳንድ ሰዎች፣ እንዲህ ከሆነ ወደ ቀድሞው ሥርዓት መመለስ አይሻልም ወይ ይሉ ይሆናል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ስንቅ ውስጥ የገባ አሮጌ ላይብረሪ ቀዳዳ ቢኖረው፣ እንደ 2014ቱ በአንድ ጥገና አይድንም፤ እያንዳንዱ ተሸካሚ የራሱን መጠገን አለበት። ስለዚህ የማሽኑን መሠረት፣ የምስጢር መጠበቂያዎችንና የየዕለቱን ዋና መሣሪያዎች ለዲስትሪቢውሽኑ መተው ይገባል እንላለን። አዲስ እትማቸው በቶሎ የሚፈለገውን ወይም ዲስትሪቢውሽኑ የማይዛቸውን ፕሮግራሞች ግን በስንቅ ማስመጣት የተሻለ ነው።

እንግዲህ የኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ግንኙነት በሚቆራረጥበት ስፍራ ለሚኖርና አንድ ፕሮግራም በፍላሽ ተቀብሎ ለጓደኛው ለማቀበል ለሚፈልግ ተማሪ አፕኢሜጅ ይሻለዋል፤ ነገር ግን ፋይሉን ከደራሲው ገጽ ያወረደው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ብዙ የመስኮት ፕሮግራሞችን በየጊዜው እያደሰ ለሚጠቀም ሰው፣ አጥር ስላለውና የማከማቻ ምርጫ ስለማይከለክል፣ ፍላትፓክን እናስቀድማለን። ኡቡንቱን በሰርቨር ላይ ለሚያስተዳድር ሰው ደግሞ ስናፕ አገልግሎት አለው፤ በሩ በአንድ ኩባንያ እጅ መሆኑን አውቆ ይግባበት። ለኮሌጅ ማሽኖች ጥቅል የሚመርጡ መምህራንና ጓደኞቻችንም ስለ ፍጥነቱ ከመከራከራቸው በፊት፣ ነገ አንድ ቀዳዳ ቢገኝ የሚጠግነው ማን እንደ ሆነና እርሱ ቢተወው ሌላ በር መኖሩን እንዲመረምሩ በትሕትና እናሳስባለን።