መታዘዝ የሌለበት ጸጋ፦ የቆየ የስሕተት ትምህርት



የስሕተት ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ሥላሴን ወይም የክርስቶስን አምላክነት የሚክድ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለው በእርግጥ ስሕተት ነው። ነገር ግን የእምነት መግለጫችን ሳይነካ፣ መዝሙራችንም ሳይለወጥ ወደ ጉባኤያችን የሚገባ ሌላ ስሕተት አለ። እርሱም ጸጋን ከመታዘዝ የሚለይ ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት «በጸጋ ስለ ዳንህ አኗኗርህ እግዚአብሔርን አያሳስበውም» ይላል። የሥነ መለኮት ሊቃውንት አንቲኖሚያኒዝም ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከግሪክ ሲሆን አንቲ «ተቃራኒ»፣ ኖሞስ ደግሞ «ሕግ» ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ፀረ ሕግ ትምህርት ልንለው እንችላለን።

ጌታ የሰጠን መለኪያ

ጌታ ኢየሱስ በተራራው ስብከቱ መጨረሻ ላይ ስለ ሐሰተኞች ነቢያት አስጠንቅቋል (ማቴ. 7፥15-27)። ይህን ክፍል ሳንቆራርጥ እናንብበው። መጀመሪያ የበግ ለምድ ስለ ለበሱት ተኩላዎች ይናገራል፤ ወዲያው ስለ ዛፍና ስለ ፍሬው፣ ቀጥሎ «ጌታ ሆይ» ብለው ስለሚጠሩት፣ በመጨረሻም በዓለትና በአሸዋ ላይ ስለ ተሠሩት ሁለት ቤቶች ያስተምራል። አራቱን የሚያያይዛቸው አንድ ነገር ነው፦ የአብን ፈቃድ ማድረግ።

ልብ በሉ! በዚያ ቀን የተጣሉት ሰዎች ትንቢት መናገራቸውን፣ አጋንንት ማውጣታቸውንና ተአምራት ማድረጋቸውን ቆጥረው አቅርበዋል። ጌታም አደረግን ስላሉት ነገር አልተከራከራቸውም። ያራቃቸው በዓመፃቸው ነው። እዚያ ላይ ያለው የግሪኩ ቃል አኖሚያ ሲሆን ትርጉሙ ሕግ አልባነት ነው። እንግዲህ የአገልጋይ መለኪያ የመድረኩ ኃይል ሳይሆን ፍሬው ነው።

በሐዋርያት ዘመን

ይህ ስሕተት የተጀመረው ገና ሐዋርያት በሕይወት ሳሉ ነው። ጳውሎስ ጸጋን ሲሰብክ «መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ ይላል» ብለው ስሙን ያጠፉ ነበሩ (ሮሜ 3፥8)። እርሱም በምዕራፍ 6 ይህን አስተሳሰብ አጥብቆ ተቃውሟል፤ ለኃጢአት የሞተ ሰው በኃጢአት ሊኖር አይችልምና። የሮሜ መልእክት በእምነት ስለ መጽደቅ በስፋት የሚያስተምር ነው፤ ሆኖም ሐዋርያው ሲጀምርም (1፥5) ሲጨርስም (16፥26) ከእምነት ስለሚወጣ መታዘዝ ይናገራል። እምነትና መታዘዝ በጳውሎስ ዘንድ ጠላቶች አይደሉም።

ይሁዳ ስለ ጋራ መዳናችን ሊጽፍ አስቦ ሳለ፣ ሾልከው የገቡ ሰዎች ጸጋን የልቅነት ፈቃድ ስላደረጉት ስለ እምነት እንዲጋደሉ ወደ መምከር ዞሯል (ይሁዳ 3-4)። በራእይ ምዕራፍ 2 ደግሞ ጌታ የጴርጋሞንንና የትያጥሮንን አብያተ ክርስቲያናት የገሠጸው ሴሰኝነትንና ለጣዖት የተሠዋውን መብላትን የሚያስተምሩ ሰዎችን በመካከላቸው ስለ ታገሡ ነው።

ሉተርና አግሪኮላ

ከብዙ ዘመን በኋላ በተሐድሶ ጊዜ ጥያቄው እንደገና ተነሣ። ማርቲን ሉተር ሰው በእምነት ብቻ እንደሚጸድቅ ካስተማረ በኋላ፣ የገዛ ወዳጁና ተማሪው የነበረው ዮሐን አግሪኮላ «ለንስሐ ወንጌል ብቻ ይሰበክ፤ የሕግ ስብከት አያስፈልግም» ማለት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1537 ክርክሩ በቪተንበርግ ተጋጋለ። ሉተር በተከታታይ የትምህርት ክርክሮች መለሰለት፤ በ1539ም ይህን ትምህርት የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ። አግሪኮላ በ1540 ቪተንበርግን ለቅቆ ወደ በርሊን ሄደ።

የሉተር መልስ ለእኛም ይጠቅማል። ሕጉ ኃጢአታችንን ካልገለጠልን የክርስቶስ ይቅርታ ለምን እንደሚያስፈልገን እንኳ አናውቅም። ከዳንን በኋላም አሮጌው ሰው ገና ስለሚታገለን ተግሣጹ ያስፈልገናል። ጸጋን አብዝቶ የሰበከው ሉተር በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም ሲያዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ ያስቀመጠው ዐሥርቱን ትእዛዛት ነው።

ሌላው ጫፍ

እንግዲህ መታዘዝ የመዳን ዋጋ ነውን? አይደለም! ይህ ደግሞ ጳውሎስ በገላትያ የተቃወመው ሌላው ስሕተት ነው። ኤፌሶን 2፥8-10 ቅደም ተከተሉን ያሳየናል፤ የዳንነው በጸጋ ነው፣ የተፈጠርነው ግን ለመልካም ሥራ ነው። ፍሬ ዛፉን ሕያው አያደርገውም፤ ሕያው መሆኑን ግን ይመሰክራል።

በተጨማሪም «ታዘዙ» የሚለው ቃል በሐሰተኛ መምህር አፍ አደገኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በጎረቤታችን በኬንያ፣ በሻካሆላ ጫካ ውስጥ ከ400 በላይ አስከሬኖች ተቆፍረው ወጥተዋል። የቡድኑ መሪ ተከታዮቹን ኢየሱስን ለማግኘት እስከ ሞት እንዲጾሙ አስተምሯል በሚል ተከሷል፤ እርሱ ግን ክሱን ክዷል። ወገኖች ሆይ፣ የምንታዘዘው ለክርስቶስ ነው። መሪ የሚከበረው ቃሉን ሲያስተምርና ለመንጋው ምሳሌ ሲሆን ነው (1ጴጥ. 5፥3)። ከቃሉ ውጭ ሲያዝ ግን ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል (ሐዋ. 5፥29)።

እውነተኛ መታዘዝ ምን እንደሚመስል ከአገራችን ታሪክ እንማር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ታስረው ነበር። ከአገር የመውጣት ዕድል ቢቀርብላቸውም መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። የሚያስፈራ ኃይል ሲያስገድዳቸው ሳይሆን መሸሽ ሲችሉ ለጌታ ታዘዙ።

ትምህርትን እንዴት እንመርምር?

ስብከት ስትሰሙ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. ይህ ትምህርት ኃጢአትን በስሙ ይጠራዋልን? ወይስ «ድካም» እያለ ያልፈዋል?

2. ጸጋ ምን ያደርጋል ይላል? በቲቶ 2፥11-12 መሠረት ጸጋ ኃጢአተኝነትን እንድንክድና ራሳችንን በመግዛት እንድንኖር ያስተምረናል። የማያስተምር ጸጋ የወንጌሉ ጸጋ አይደለም።

3. አስተማሪው ራሱ ለቃሉ ይገዛልን? በገንዘብም በትዳርም የሚጠይቀው ሰው አለን?

4. የምታዘዘው ለክርስቶስ ቃል ነው ወይስ ለአንድ ሰው ፈቃድ?

ከዚያም ጥያቄውን ወደ ራሳችን እንመልሰው። እሑድ እጃችንን አንሥተን እያመለክን የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ ይዘን እንደሆነ፣ ጩኸቷ ወደ ጌታ ደርሷል (ያዕ. 5፥4)። ጉዳያችን እንዲያልፍ ጉቦ ሰጥተን እንደሆነ፣ በውጭ አገርም ለመኖሪያ ወረቀት ብለን በሐሰት ምለን እንደሆነ «ደሙ ሸፍኖኛል» ብለን አንለፈው። ደሙ የሚያነጻው ኃጢአቱን የሚናዘዘውን ነው፤ የሚሰውረውን አይደለም (1ዮሐ. 1፥7-9)። ዘኬዎስ መዳን ወደ ቤቱ በገባ ቀን የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ (ሉቃ. 19፥8)። የመለሰው ለመዳን ብሎ አልነበረም፤ ጌታ ቤቱ ስለ ገባ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ሐሰተኞች ሐዋርያትን መርምራ በመለየቷ ተመስግናለች፤ ነገር ግን የቀደመ ፍቅሯን በመተዋ ተወቅሳለች (ራእይ 2፥2-4)። ስሕተትን የምናጋልጥ ሰዎች ወንድማችንን ለመመለስ እንጂ ለማዋረድ አንድከም። ጌታ ራሱ እንደ ተናገረው፣ የሚወደው ሰው ቃሉን ይጠብቃል (ዮሐ. 14፥23)። የተያዘ ደመወዝ ካለ ዛሬ ይከፈል፤ የተበደለ ወንድም ካለ ዛሬ ይታረቅ።

የምንታዘዝበትን ጸጋ ጌታ ያብዛልን። አሜን።