ማስተርሱ ይግባ ወይስ ይውጣ?

ስሙኝማ፣ የአራት ኪሎን ነገር ላውጋችሁ። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባን የዞረ ሰው የአራት ኪሎን ጋዜጣ አከራዮች ያውቃቸዋል። ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ፣ ያገኘው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን ከሥራ ማስታወቂያው ገጽ የሚጀምር ወጣት እዚያ ሞልቶ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በአብዛኛው ቴሌግራም ገብቷል። ወረቀቱ ግን አልቀረም። «የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ከዋናው ጋር ይዛችሁ በአካል ቅረቡ» የሚል መሥሪያ ቤት አሁንም ስላለ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ሲቪ ጸሐፊውም ገበያ አላጣም።

ታዲያ ከነዚህ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ አንዲት ልጅ ፕላስቲክ ፋይሏን ታቅፋ ገባች። ፋይሉ ውስጥ ሦስት ማስረጃ አለ። አንደኛው በ2007 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀችበት የሶሺዮሎጂ ዲግሪ ነው። ያኔ መንግሥት ከመቶው ተማሪ 70ውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመድብ ነበር፤ እሷ ከ30ዎቹ ናት። ለ30ዎቹም ቢሆን የሚበቃ ሥራ አልነበረም። ሁለት ዓመት ከለፋች በኋላ ዲግሪዋን አስቀምጣ አንድ የግል ኮሌጅ ገባች፤ በአካውንቲንግ ሌቨል 4 ይዛ የሙያ ብቃት ምዘናውንም (ሲኦሲ) አለፈች። ይኸው ሁለተኛው ወረቀት ነው እንጀራ ያበላት፤ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ዘንድ ሒሳብ ያዥ ሆና ሦስት ዓመት ሠራችበት። ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ ተምራ የጨረሰችው የልማት ጥናት ማስተርስ ነው። የመመዝገቢያው ብር የወጣው ከእናቷ ዕቁብ ነው።

በእጇ የያዘችው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «የሥራ መደብ፦ የሒሳብ ሠራተኛ። ተፈላጊ ችሎታ፦ በአካውንቲንግ ሌቨል 4፣ ሲኦሲ ያለፈ/ያለፈች፣ 2 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ። ብዛት፦ 1። ደመወዝ፦ በስምምነት።»

ጸሐፊዋ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ «ማስተርሱን ከላይ ላድርገው?» አለቻት።

ልጅቱ መልስ አጣች። ቀደም ሲል አንድ ድርጅት ዘንድ ሦስቱንም አስገብታ ነበር። የተቀበላት ሰው ሲቪውን ገና ከላይ እንዳየ «አንቺ ማስተርስ ይዘሽ እኛ ጋ አትከርሚም፤ የተሻለ ስታገኚ ጥለሽን ትሄጃለሽ» ብሎ መለሳት። ከባድ ነገር ነው ይሄ። ሰው በተማረው ልክ ይመረጣል ተብሎ ያደገ ልጅ፣ በመማሩ ሲመለስ የሚሰማውን እኔ አይቼዋለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።

ጥግ ላይ የጡረታ ደብዳቤያቸውን ኮፒ ለማስደረግ ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በሰው ኃይል አስተዳደር ነው።

ወረቀቶቿን አየት አድርገው «ልጄ፣ ካልከፋሽ ልናገር?» አሏት።

«ኧረ ይናገሩ፣ ጋሼ።»

«እኔ ስሠራ 300 እና 400 ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራል። ሁሉንም ቁጭ ብሎ የሚያነብ የለም። የማስታወቂያውን ተፈላጊ ችሎታ ቀኝ እጄ ጋ አስቀምጥና በእስኪርቢቶ እያመሳከርኩ ምልክት አደርጋለሁ፤ ሌቨል 4 አለ፣ ሲኦሲ አለ፣ 2 ዓመት አለ። ያልጠየቅሁት ወረቀት ከላይ ተቀምጦ የጠየቅሁት ሁለተኛው ገጽ ላይ ከተደበቀ፣ አንቺ እያለሽ አላየሁሽም ማለት ነው። ደግሞ ልምዱን እዪው። ብዙ መሥሪያ ቤት ልምድ የሚቆጥረው ሰውየው ከተመዘነበት ማስረጃ በኋላ ያለውን ነው። በማስተርስ ልመዘን ካልሽ፣ ያንቺ ሦስት ዓመት ከማስተርሱ በፊት ነውና ዜሮ ዓመት ትሆኛለሽ። በሌቨል 4 ከተመዘንሽ ግን ሙሉ ሦስት ዓመት አለሽ።»

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ይቺን የልምድ አቆጣጠር ሳያውቅ ስንቱ ተመራቂ ተመላልሷል! ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪውን ሲያስመርቁ ይህንን ቢያስተምሩት ምን ነበረበት እላለሁ።

ልጅቱ ግን ሌላ ነገር ከነከናት። «ጋሼ፣ ያለኝን መተው መዋሸት አይሆንም?»

«የሌለሽን መጻፍ ነው ውሸት። ሐሰተኛ ዲግሪ አስገብቶ የተቀጠረ ስንት ሰው በማስረጃ ማጣራት ጊዜ ተይዟል። ሲቪ ግን ላመለከትሽበት ሥራ ይሆናል ያልሽውን መርጠሽ የምታቀርቢበት ነው። አንድ ነገር ግን ያዢ፦ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ቅጽ ‹የትምህርት ደረጃዎን በሙሉ ይሙሉ› ካለሽ አንዱንም አታስቀሪ፤ እዚያ ላይ ‹የሰጠሁት መረጃ ትክክል ነው› ብለሽ ትፈርሚያለሽ። አፍ ለአፍ ሲጠይቁሽም እውነቱን ተናገሪ።»

«የሶሺዮሎጂውስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰቡ። «እሱ ይግባ፤ ከታች፣ በአንድ መስመር። ከ2005 እስከ 2007 የት ነበርሽ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ክፍት ዓመት ጥርጣሬ ያመጣል። ማስተርሱን ግን በትርፍ ጊዜሽ ስለተማርሽው ቢወጣ የሚጎድል ዓመት የለም።»

ጸሐፊዋ ሌቨል 4ን ከላይ አሰፈረችው፤ ከሥሩ ልምዱን፣ ከሱ ቀጥሎ ዲግሪውን። ከዚያ ልጅቱ በራሷ ሐሳብ «ሌላም ሥሪልኝ» አለቻት። ማስተርሱ ከላይ፣ የመመረቂያ ጥናቱ ርዕስ ከሥሩ፣ ሌቨል 4 መጨረሻ ላይ የሆነበት ሁለተኛ ሲቪ ተሠራ። ሁለቱም ፍላሽ ላይ ተጫኑ።

ማታ እናቷ ከዳንግላ ደወሉ። ነገሩን ስትነግራቸው ድምፃቸው ተለወጠ። «ማስተርሱን ተውሽው? የኔ ልጅ፣ ያ ሁሉ ዕቁብ?»

«አልተውኩትም፣ እማዬ። ለዚህኛው አልተጠየቀም። ለሚጠየቅበት አስቀምጬዋለሁ።»

እናት አልተዋጠላቸውም። ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የእናትየው ቅሬታ እውነት አለው። ያ ዲግሪ የሷ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱም ከፍለውበታል። እሷም ይህንን ስለምታውቅ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

የመጀመሪያውን ሲቪ አስገብታ ለጽሑፍ ፈተና ተጠራች፤ አለፈች። ቃለ መጠይቁ ላይ ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ የታችኛውን መስመር አይታ «ዲግሪ አለሽ እንዴ? ከዚያ ወዲህስ ምን ተማርሽ?» አለቻት።

«ማስተርስ አለኝ። የጠየቃችሁት ሌቨል 4 ስለሆነ አላስገባሁትም። ሒሳብ ሥራውን ሦስት ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ የመጣሁት እሱን ልሠራ ነው።»

ሴትየዋ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና ወደ ሚዛን ሒሳብ ጥያቄ ተሻገረች።

ተቀጠረች። በመጀመሪያው ሳምንት የማኅደር ክፍሉ ሠራተኛ «ያለሽን የትምህርት ማስረጃ በሙሉ ለግል ማኅደርሽ አምጪ» ሲላት ሦስቱንም ከነዋናው ወሰደች። ተመሳክረው፣ ማኅተም አርፎባቸው ገቡ። አሁን መሥሪያ ቤቱ ለፕላን ባለሙያ የውስጥ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ የልማት ጥናትን በስሙ ጠቅሶ ይጠይቃል። ሁለተኛውን ሲቪ ከፍላሿ አውጥታ አስገብታለች። ፈተናው የፊታችን ሐሙስ ነው።